ለበርጩማ ማተብ ማሰር

እኔ ገንፎ ሳልመረምር በልቼ አላውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ቅቤው ወዳለበት ጉድጓድ ሲጣደፍ፣ እኔ ከዳር ጀምሬ በጣቴ እየጨፈለቅሁ፣ አንዳንዴም ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጌ እያየሁ ነበር የምጎርሰው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እኔ ግን እንደ ሕግ ይዤው ነው ያደግሁት። ሚስቴ አንጓች በዚህ ነገር ስንት ጊዜ አኩርፋለች። «ስንጥር ስታጣ ታዝናለህ ልበል?» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ስንጥር ያጣሁ ዕለት «ዛሬ የት ብትሸሽገው ነው?» እያልሁ ስብሰለሰል እውላለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለሁት ሰው ነኝ፣ በጥልያን ጊዜ፣ በቀይና በጥቁር ክር የተነሣ፣ በገዛ አገሬ ሰው ባንዳ ተብዬ አንገቴ ገመድ ውስጥ ሊገባ ትንሽ የቀረኝ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። እኔ በቁና ብሰፍር የተሰፈረልኝ በጎተራ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአዋጅ ነው። ጥልያን ምንቆረር ገብቶ (ደብረ ማርቆስን ያን ጊዜ ብዙዎቻችን በቀድሞ ስሟ ነበር የምንጠራት) ምሽጉን ሠርቶ ከተደላደለ በኋላ፣ በከተማዋ ዙሪያ ያለው ደብር ሁሉ ፊደል የቆጠረ አንድ አንድ ሰው መርጦ ጥልያንኛ እንዲማር ይላክ ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ተሰበሰብን። እምቢ ማለት አይቻልም፤ እሺ ማለት ደግሞ ያስጠላል።

«የእነሱን ቋንቋ የተማረ ሰው፣ ውሎ አድሮ ምላሱ ባንዳ ይሆናል» አለ አንዱ።

«ኧረ ለእኛም ይበጀናል» አለ አያ ደምሌ። አያ ደምሌ የሰፈራችን የጎበዝ አለቃ ነው፤ ለጥልያን ሲታይ አራሽ፣ ለእኛ ሲታይ የአርበኞች ሰው። ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ጠብመንጃችንን ሊገፍፉን የሚመጡበትን ቀን ከአፋቸው ቀድሞ የሚሰማልን አንድ ጆሮ ያስፈልገናል» አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ ኋላዬ ዞርሁ፤ ከኋላዬ ግን ግንብ እንጂ ሰው አልነበረም።

የኔታ ፈንቴ፣ የቅኔ መምህሬ የነበሩት ሽማግሌ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «እሱ እኔ ዘንድ ብዙ ዘመን ተቀምጧል። ቅኔ አልሞላለትም እንጂ ጆሮውስ ደኅና ነው» ሲሉ መሰከሩልኝ። ምስክርነት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁም። አያ ደምሌ ደግሞ፣ «የሚስቱን ገንፎ የማያምን ሰው ጥልያንን አያምንም። እሱ ይሂድ» አለ። ሕዝቡ ሥቆ አጸደቀው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ጠርጣራ በመሆኔ ነው የመረጡኝ። እነሱው ላኩኝ፤ በኋላም እነሱው ጠረጠሩኝ።

ትምህርት ቤቱ ድሮ የግብር እህል ይከተትበት የነበረ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ጢሙ ወደ ጆሮው የተቆለመመ ነጭ ዘበኛ ከነጠብመንጃው ይቆማል። መምህሩ ቀጭን፣ ፊቱ ጠቃጠቆ የበዛበት፣ አርጩሜ ከእጁ የማይለይ ጥልያን ነው። ስሙን ነግሮን ነበር፤ ለአፋችን ስላልተመቸን እንደ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴው እያልን ቀረን። ከአጠገቡ ቱርጁማኑ ይቀመጣል። ተማሪ የተባልነው ደግሞ ጢም ያወጣን፣ ልጅ የዳርን፣ አንዳንዶቻችንም የነፍስ ልጅ ያለን ሰዎች ነን። ከጎኔ የደረሱኝ ሼህ ሰይድ ነበሩ፤ የከተማው እስላሞች በበኩላቸው የላኳቸው፣ ጨርቅና ክር የሚነግዱ፣ ዐረብኛ የሚያነቡ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው።

የመጀመሪያው ቀን ሙሴው ጠረጴዛውን በአርጩሜው ጧ አደረገና «ላ ታቮላ!» አለ።

«ጠረጴዛ» አለ ቱርጁማኑ። «ሴት ናት።»

ጎንበስ ብዬ ከሥሯ አየሁ። ከአራት እግር በቀር ምንም የለም። ሼህ ሰይድም ጎንበስ ብለው ኖሮ ከጠረጴዛዋ ሥር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«በምኗ ታወቀ?» ብለው ጠየቁ ሼህ ሰይድ ቀና ሲሉ።

ቱርጁማኑ ጠይቆ መለሰ፤ «እንዲሁ ናት ይላችኋል።»

ይህ «እንዲሁ» የሚሉት ነገር ያን ጊዜ ነው ሆዴ የገባው። ምክንያት የሌለው ነገር ካለ ስንጥር አለ። እጄን አነሣሁና፣ «እንግዲያው ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነዋ?» አልሁ። ማላገጤ አልነበረም። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ አይደል ክርስትና የሚነሡት? ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቱርጁማኑ እንዴት አድርጎ እንደ ተረጎመው እንጃ፣ ሙሴው መጥቶ መዳፌን ዘርጋ አለኝና በአርጩሜው አቀመሰኝ።

ከዚያ ሕጉን ነገረን። የዕቃው ስም በ«ኦ» ካለቀ ወንድ ነው፤ በ«ኣ» ካለቀ ሴት ናት። «ሊብሮ» መጽሐፍ ነው፣ ወንድ። «ፖርታ» በር ናት፣ ሴት። «ሴድያ» የተባለችው መቀመጫም ሴት። እኛም እርግጥ ስናቆላምጥ «ይቺ በር» እንላለን፣ ስንቆጣ «ይሄ በር» እንላለን፤ በሩ ግን በሁለቱም ቅር ብሎት አያውቅም። የእነሱ ግን ቁርጥ ነው። ይባስ ብሎ ቅጽሉም አብሮ መለወጥ አለበት ተባለ። በሯ ጥቁር ከሆነች ጥቁረቷም ሴት ነው፣ «ኔራ»፤ መጽሐፉ ጥቁር ከሆነ ጥቁረቱም ወንድ ነው፣ «ኔሮ»።

ሼህ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ሁሉ ዘመን ጥቁር ክር ስሸጥ፣ ጥቁረቱ ወንድ ነው ወይ ብሎ የገዛኝ የለም» አሉ።

ሕጉን ያዝሁ ስል ሕጉ ይሸራረፍ ጀመር። «ማኖ» እጅ ማለት ነው። በ«ኦ» ያልቃል፣ ወንድ ነዋ ብለን ብንመልስ ሴት ናት ተባልን። የወንድ ልብስ ለብሳ ከወንዶች መካከል የተቀመጠች ሴት! እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ማነው? ሰላይ ነው። ነገሩን ላጣራ ብዬ ለመሆኑ ሰላይስ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅሁ። «ላ ስፒያ» አለ ሙሴው። ሴት ናት! በር ላይ ያለው ያ ጢማም ዘበኛስ? «ላ ሴንቲኔላ»፤ እሱም ሴት። ሰላይ ሴት ናት የሚለውን ለአንጓች ወስጄ ነግሬያት ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። እሷ ግን አልሳቀችም ነበር።

የሰማዩ ነገር ደግሞ ባሰ። በእኛ ፀሐይም ወጣች፣ ጨረቃም ወጣች ይባላል፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሼህ ሰይድ በዐረብኛ ፀሐይዋ ሴት፣ ጨረቃው ወንድ ነው አሉ። ሙሴው ፀሐዩ ወንድ፣ ጨረቃዋ ሴት ናት አለ። ሼህ ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መሬቱን መውሰዳቸው ሳያንስ ሰማዩንም አዛወሩት» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ሙሴው ያችኑ ጠረጴዛ እየመታ «ኢል ታቮሎ» ብሏታል፣ ወንድ አድርጓታል ብለው ማሉልኝ። እኔ አልሰማሁም ነበር። «ያቺ ጠረጴዛ አላማረችኝም» ብቻ አልኋቸው።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ይህ ትምህርት አይደለም፣ ቆጠራ ነው! ዛሬ የዕቃችንን ጾታ ይጠይቁናል፤ ነገ በሴቱ ዕቃ ግብር ይጥሉብናል፣ ወንዱን ዕቃ ደግሞ ደጀን ወስደው መንገድ ያሠሩታል። ይህን ለየኔታ ብነግራቸው፣ «ልጄ፣ ገንፎውን ብላ» አሉኝ።

ቢሆንም አርጩሜው አልቀረልኝም። የዕቃ ጾታ በሳትሁ ቁጥር መዳፌ ላይ ይወርዳል። እጄ አብጦ ሞፈር መያዝ አቃተኝ። ያን ጊዜ ነው ያቺ ብልኀት የመጣችልኝ። የክርስቲያን ምልክቱ ምንድን ነው? ማተቡ ነው። ጠረጴዛ ሴት ከሆነች፣ በርም ሴት ከሆነች፣ ማተብ ይታሰርላቸዋ! ሼህ ሰይድ ሱቅ ሄጄ ቀይና ጥቁር ክር ገዛሁ። ቀዩ ለሴት፣ ጥቁሩ ለወንድ።

ከቤት ጀመርሁ። በሩ ላይ ቀይ። በርጩማዋ ላይ ቀይ። ቢላው እጀታ ላይ ጥቁር። ዶሮዋ እግር ላይ ቀይ። ስማቸው እንዳይጠፋኝም ቋጠሮውን ሳጠብቅ ቃሉን እየደጋገምሁ እላለሁ፤ «ላ ፖርታ፣ ላ ፖርታ፣ ላ ፖርታ።» ቅኔ ቤት እንደ ለመድነው እያነበነብሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከወገቤ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያልሁ ነው።

አንጓች መሶብ እንደ ያዘች ቆማ አየችኝ። «ምን እየሠራህ ነው?»

«እየተማርሁ ነዋ።»

«ለበርጩማ ማተብ ማሰር ነው ትምህርት?»

«ሴት ናት ብለውኛል» አልኋት። እሷም በርጩማዋን አየች፣ እኔን አየች፣ መሶቧን አቅፋ ወጣች። አወጣጧን አልወደድሁትም። ግን እንዳልኋችሁ ክፉ ነገር የምፈልገው ገንፎ ውስጥ ነበር እንጂ ሚስቴ ፊት ላይ አልነበረም።

የቤቱ ዕቃ አለቀ። ትምህርቱ ግን አላለቀም፤ ሙሴው ወደ ደጅ ወጥቶ ላምና ዛፍ ማስተማር ጀመረ። እኔ ላም የለኝም። የጎረቤታችን የእማማ ውድነሽ ላም አጥር ጥግ ታስራ ስታመነዥክ አገኘኋትና ቀንዷ ላይ ቀይ ክር አሰርሁ፤ «ላ ቫካ፣ ላ ቫካ፣ ላ ቫካ» አልሁ። ቀና ስል እማማ ውድነሽ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው አማተቡ። ደኅና ዋሉ ብዬ አለፍሁ። በማግስቱ ላሟ ወተት ነጠፈች።

እኔ ምን ላድርግ? ላሟ ለካ ከብዳ ኖሯል፤ ኋላ ጥጃ ወልዳለች። ያን ዕለት ግን ይህን ያወቀ ሰው አልነበረም። ቅኔ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው አገራችን ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። የጨረሰውን መምህር ይሉታል፤ ያልጀመረውን ጨዋ ይሉታል፤ መካከል ላይ የቀረውን ግን ድግምት ብቻ ይዞ ወጣ ብለው ይፈሩታል። እንዲህ ያለ ሰው ላም ላይ ክር ቋጥሮ፣ የማይታወቅ ቋንቋ ሲያነበንብ ታየ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላምታው ቀዘቀዘብኝ። እኔ ሳልፍ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይሰበስባሉ። ጠላ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። እኔ ደግሞ ጠርጣራ ነኝና «ሰፈሩን ምን ነካው? አንድ ነገር ደብቀውኛል» እያልሁ እኔው እነሱን መጠርጠር ጀመርሁ። እነሱ እኔን በአጥር ቀዳዳ ያያሉ፣ እኔ እነሱን በአጥር ቀዳዳ አያለሁ፤ አንዳንዴ በአንዱ ቀዳዳ ዓይናችን ይጋጫል።

በዚህ መካከል ደግሞ የዘበኛው ነገር መጣ። አንድ ጧት ጢማሙ ዘበኛ ሲፈትሸኝ ክሮቹን ከኪሴ አወጣና ምንድን ናቸው ብሎ አፈጠጠብኝ። የአርበኞች ምልክት መስሎታል። ባለችኝ ጥልያንኛ ላስረዳው ብዬ ጥቁሩን ክር ወደ መጽሐፌ አስጠጋሁ፣ «ሊብሮ»፤ ቀዩን ወደ በሩ አስጠጋሁ፣ «ፖርታ»፤ ምሳሌ እንዲበዛለት ቀዩን ወደ እሱ ደረት አስጠግቼ «ሴንቲኔላ» አልሁት። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሙሴው ይህን ሰምቶ ሳቁን ለቀቀው። ዘበኛውም ምን ይሁን ብሎ ነው መሰለኝ ሳቀና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ከሰፈራችን ሰው እንጨት ሊሸጥ ሲያልፍ አይቶናል። ወሬው እኔን ቀድሞ ቤት ገባ፤ ከነጭ ዘበኛ ጋር ሲሳሳቅ ታየ ተባለ።

ከሁሉም የከፋው ግን ዛፉ ነው። ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው በማያየው ሸለቆ ጫፍ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ከትምህርት ስመለስ ሁልጊዜ እዚያ ነው የማርፈው። «አልቤሮ» ዛፍ ነው፣ ወንድ። ጥቁር ክር አሰርሁለት፤ ሦስት ጊዜ ደገምሁለት፤ ነጠላዬን አራግፌ ሄድሁ። ከሥሩ ምን እንዳለ ማን ነግሮኝ?

በገበያ ቀን ጧት ጨው ልገዛ ስወጣ ጋቢ የተከናነቡ ጎረምሶች መንገድ ላይ ከበቡኝ። «የኔታ ይጠሩሃል» አሉኝ። የኔታ ሰው ሲጠሩ ተማሪ ይልካሉ እንጂ ጠብመንጃ አይልኩም። ይዘውኝ የሄዱትም ወደዚያው ወይራ ነው። የኔታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ደምሌ ቆሟል። ከወይራው ሥር አፈሩ አዲስ ተምሷል።

«ይህን ክር ማን አሰረው?» አለ አያ ደምሌ።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ወንድ ስለሆነ።»

«ማን?»

«ዛፉ።»

አንደኛው ጎረምሳ ጠብመንጃውን አቀባበለ። አያ ደምሌ ተጠጋኝ። «የደብሩ ጠብመንጃ ሁሉ ተቀብሮ የነበረው እዚህ ሥር ነው። ከዛፍ ሁሉ መርጠህ ይህችን ምልክት አደረግህባት። ከዘበኛው ጋር ተሳሳቅህ። የሰው ላም አነጠፍህ። በል አሁን ጥልያን ስንት ከፈለህ?»

በማርቆስ ምዬ ሁሉንም ተናገርሁ። በር ሴት እንደሆነች፣ ቢላ ወንድ እንደሆነ፣ ጥቁረትም ጾታ እንዳለው። እየተናገርሁ ራሴ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እውነት ሆኖ እንደዚህ ውሸት የሚመስል ነገር አይቼ አላውቅም። ባንዳ ነኝ ብል የበለጠ ይታመን ነበር።

«ይህን ሲማር አብሮት የነበረ ሰው አለ?» አሉ የኔታ።

ሼህ ሰይድ አሉ አልሁ፤ እሳቸውም በዚያው መንገድ ጨርቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ሲያልፉ ተይዘው መጡ። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና፣ «ለያዩአቸው። ለየብቻ እጠይቃቸዋለሁ» አሉ።

ይህን ፍርድ አውቀዋለሁ። የሶስና ፍርድ ነው። በሶስና ላይ በሐሰት የመሰከሩትን ሽማግሎች ዳንኤል ለየብቻ አቁሞ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ ሲጠይቃቸው አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ፤ በዚያው ሞቱ። እኛም አሁን ዛፍ ሥር ነን።

በፊት የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ሼህ ሰይድን ወደ ታች ወሰዷቸው። በር? ሴት። በርጩማዋ ላይ ያሰርኸው ማተብ? ቀይ፣ ሴት ስለሆነች። ቢላ? ወንድ። ፀሐይ? ወንድ። እጅ? ሴት። ጢማሙ ዘበኛ? ሴት። እዚህ ላይ ጎረምሶቹ ተያዩ። ጠረጴዛ? «ሴት» አልሁ። ከዚያ አፌን በነጠላዬ ጫፍ አሰሩና ወደ ጎን አቆሙኝ፤ ሼህ ሰይድ መጡ።

«በር?» «ሴት ናት።» «ቢላ?» «ወንድ።» «ፀሐይ?» «በእኔ ሴት ናት፤ በእነሱ ወንድ ነው።» «እጅ?» «ሴት፣ አላህ ያውቃል እንዴት እንደሆነ።» «ዘበኛው?» «እሱማ ሴት ነው።»

እያንዳንዱ መልስ ሲገጥም ነፍሴ አንድ ጣት ያህል ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

«ጠረጴዛ?»

ሼህ ሰይድ ትንሽ አሰቡ። በዓይኔ ለመንኋቸው፤ እሳቸው ግን የኔታን ነበር የሚያዩት። «ወንድ» አሉ።

«ተለያዩ!» ብሎ ጮኸ አያ ደምሌ። «እንደ ሶስና ከሳሾች ተለያዩ! ገመዱን አምጡ!»

አንጓች ታየችኝ። ጨው ሊገዛ ወጥቶ የት ቀረ ብላ ደጅ ቆማ ስትጠብቅ ታየችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ጊዜ ያለቀስሁት ለአንገቴ አይደለም፤ ባንዳ ነበር እየተባለች እንዴት ትኖራለች ብዬ ነው።

«ቆይ ደምሌ» አሉ የኔታ። ገመዱን በመቋሚያቸው ገፋ አደረጉት። «የሶስና ከሳሾች የፈጠሩት አንድ ነገር ነው፤ በዚያችው በአንዷ ተያዙ። እነዚህን ግን ስንት ነገር ጠየቅኋቸው። እጅ ሴት ነው፣ ዘበኛ ሴት ነው የሚል እብደት ሁለት ሰው ለየብቻው እንዴት ይፈጥረዋል? መክረው የመጡ ቢሆኑ ደግሞ ጠረጴዛዋንም ይስማሙባት ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ። ሁሉን የሚመልስ ሌባ ነው። ተማሪ ግን የሆነችውን አንዷን ይስታል።» ከዚያ ወደ እኔ አመለከቱ። «ይኸ ደግሞ ከድሮም ይስት ነበር።»

በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ ስድብ የለም።

አያ ደምሌ እኔን አየ፣ ሼህ ሰይድን አየ። «ያ ጢማሙ ዘበኛ ነው ሴት የተባለው?» አለ ቀስ ብሎ። ሁለታችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ እኔ አፌ ገና ታስሮ ነው። የመጀመሪያው ሳቅ ከአያ ደምሌ ወጣ፤ ከዚያ ጎረምሶቹ ጠብመንጃቸውን ተደግፈው ሳቁ። አፌን ፈቱልኝ።

«ለመሆኑ የላክንህ ለጠብመንጃ ነበር» አለ አያ ደምሌ ዓይኑን እየጠረገ። «ጠብመንጃስ በእነሱ አፍ ምን ይባላል?»

«ያችን አላስተማሩንም» አልሁት።

«አየህ፣ እነሱም ጠርጣሮች ናቸው» አለና ጥቁሩን ክር ከወይራው ላይ በጠሰው። ጠብመንጃዎቹን ወዴት እንደ ወሰዷቸው አልጠየቅሁም። ቤትህ ውስጥ ያለውን እንደ ፍጥርጥርህ አድርገው፣ ደጅ ላለ ነገር ግን ከእንግዲህ ክር እንዳታስር ብለው ለቀቁኝ።

ወደ ቤቴ ስመለስ እንደ ልማዴ መጠርጠር ጀመርሁ። የኔታ ስለ በርጩማዋ ማተብ ሳይቀር ጠይቀውኝ ነበር። በርጩማዋ ደግሞ ከቤት ወጥታ አታውቅም። እንግዲህ የነገረብኝ ቤቴ የሚገባ ሰው ነው። እማማ ውድነሽ ናቸው? አይደሉም፤ ከላሟ ወዲህ ደጄን አይረግጡም። ደጅ ስደርስ አንጓች ገንፎ እያገነፋች ነበር። ስታየኝ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

«ሰው አሳልፎ ሰጥቶኝ ነበር» አልኋት። «ማን እንደሆነ ግን…»

«እኔ ነኝ» አለች።

ማማሰያውን ከመሬት አነሣሁት።

«ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ጎረምሶቹ ገበያ ስትሄድ ጠብቀው ሊገድሉህ ነበር፤ ሳይጠይቁህ። ሮጬ ሄጄ የኔታ እግር ላይ ወደቅሁ። ሁሉን ነገርኋቸው፤ በርጩማዋን፣ ዶሮዋን፣ ሰላይ ሴት ናት ብለህ የሳቅኸውን፣ ሁሉን። ይጠየቅልኝ፣ ተጠይቆ ከጠፋ ይጥፋ አልኋቸው።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ደግሞ ለየብቻ ጠይቋቸው ያልኋቸው እኔ ነኝ። አንተ የተማርኸው በእርግጥ ትምህርት ከሆነ፣ አብሮህ የተማረውም ያውቀዋል ብዬ።»

ጥልያንን ጠርጥሬያለሁ፣ ጎረቤቴን ጠርጥሬያለሁ፣ ጠረጴዛን ጠርጥሬያለሁ፤ ስንቱን ዓመት ሙሉ ደግሞ የዚህችን ሴት ገንፎ በጣቴ ስበረብር ኖሬያለሁ። አፈርሁ። ያፈርሁትን ማፈር ለማንም አልመኝም።

በርጩማዋ ላይ ተቀመጥሁ፤ ቀዩ ማተቧ አሁንም አለ። አንጓች ገንፎውን አቀረበች። እንደ ድሮው ከዳር ይጀምራል ብላ ጠበቀች። እኔ ግን እጄን ዝም ብዬ ወደ መካከሉ ሰድጄ፣ ሳላይ ጎረስሁ።

ስንጥር ነበረበት። ዋጥሁት።